ተክልና መዝገቡ፦ ከጌሻ እስከ ጮጬ

የዕፅዋት ማዕከልን ከመናፈሻ የሚለየው ምንድን ነው? ዛፉም፣ አበባውም፣ አትክልተኛውም በሁለቱ ዘንድ አሉ። የዓለምን የዕፅዋት ማዕከላት የሚያስተባብረው ቢጂሲአይ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ማዕከል ማለት ሕያው ዕፅዋትን ለምርምር፣ ለጥበቃ፣ ለትምህርትና ለዕይታ ከነመረጃቸው የሚይዝ ተቋም ነው። መረጃው ከጠፋ የቀረው ዛፍ ጥላ ይሰጣል፤ ለተመራማሪ ግን ምስክርነቱ አብቅቷል።

መዝገብ አያያዝ ሲባል ብዙ ሰው የጽሕፈት ቤት ጉዳይ አድርጎ ይወስደዋል። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከሸዋ ቤንች እስከ ሸኮና ማጂ በተዘረጋው የቡና አገር ግን አንድ ዘር ከየት እንደወጣ፣ የማን እንደሆነና ማን ሊጠቀምበት እንደሚገባ የሚወሰነው በመዝገብ ነው። በአገራችን ስለ ስብስብ አያያዝ ውይይት ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ይሄዳል። የአካባቢው ቡና ታሪክ የሚያሳየው ሌላ ነው፦ የማይጠገነው ጉድለት የሚፈጠረው ፍሬው ከእናት ዛፉ በሚለቀምበት ቀን ነው። ይህ ዳሰሳ ያንን ታሪክ፣ የዓለምን ልምድና የራሳችንን ችግሮች አንድ ላይ ይመለከታል። ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን መናገር ለምን እንዳስፈለገ ወደ ኋላ ይገለጻል።

ጌሻ፦ ቁጥሩ ተርፎ ደኑ የጠፋበት

ዛሬ በቡና ነጋዴዎች ዘንድ ከጌሻ የበለጠ ስም ያለው ዘር ማግኘት ይከብዳል። ስሙ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስም ነው። ዘሩ በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ የቡና ደን ተለቅሞ ወጣ፤ ታንዛኒያ ውስጥ ሊያሙንጉ በተባለው የምርምር ጣቢያ ተተከለ። በ1953 ከዚያ ተነሥቶ ኮስታሪካ ቱሪያልባ ገባና ዛሬ ካቲዬ ተብሎ በሚታወቀው ማዕከል «ቲ 2722» የሚል ቁጥር ተሰጠው። በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተሻገረ፤ ከዚያም ለረጅም ዓመታት ብዙ ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። በ2004 የፒተርሰን ቤተሰብ ለብቻው ለይቶ ለአገሪቱ የቡና ውድድር ሲያቀርበው በጨረታ ፓውንዱ 21 ዶላር አወጣ። በ2019 ደግሞ ከሌላ የፓናማ እርሻ የመጣ ጌሻ ፓውንዱ 1,029 ዶላር ተሸጠ።

በመዝገብ ያዥ ዐይን ይህ ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። የመጀመሪያው የሚያስመሰግን ነው። ቱሪያልባ ላይ የተሰጠው ቁጥር ከተክሉ ጋር ስለቆየ፣ ዎርልድ ኮፊ ሪሰርች የተባለው ድርጅት ባደረገው የዘረ-መል ምርመራ የፓናማው ጌሻ የቲ 2722 ዝርያ መሆኑን፣ ወጥና ከሌሎች የተለየ መሆኑን ማረጋገጥ ችሏል። ቁጥሩ ባይኖር ማነጻጸሪያ አይገኝም ነበር።

ሁለተኛው ገጽ እኛን ይመለከታል። በጌሻ ስም የሚጠሩ፣ በዘር ግን የማይገናኙ በርካታ ቡናዎች በዓለም ላይ እንዳሉ ይኸው ድርጅት ገልጿል። ውዥንብሩ የሚመለሰው ወደ መነሻው ነው፦ ከየትኛው ደን፣ ከስንት ዛፍ፣ በማን እጅ ተለቀመ? እዚሁ አገራችን ውስጥ እንኳ ጌሻ አንድ ቦታ አይደለም፤ በከፋ ዞን ጌሻ አለ፣ በማጂ በኩልም ጌሻ አለ። የቦታ ስም ብቻውን ያለ አውራጃው፣ ያለ ከፍታውና ያለ ወንዙ ሲጻፍ ከሰማንያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው የትኛውን ደን እንደሚፈልግ አያውቅም። በማጂ በኩል በጎሪ ጌሻ ደን አጠገብ የተቋቋመው የጌሻ ቪሌጅ እርሻ ዘሮቹን «ጌሻ 1931» እና «ጎሪ ጌሻ 2011» እያለ ቦታና ዓመት አጣምሮ መሰየሙ የዚህን ችግር ክብደት ያሳያል። ቁጥር ከተሰጠበት ቀን ወዲህ ያለውን ይጠብቃል፤ ከዚያ በፊት የጠፋውን ግን አይመልስም።

የ1960ዎቹ ለቃሚዎች

ከጌሻ በኋላ የመጡት ለቃሚዎች የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው። በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ የላከው ቡድን በኢትዮጵያ የቡና አካባቢዎች ተዘዋውሮ 621 ናሙናዎች ሰበሰበ። በ1966 ኦርስቶም የተባለው የፈረንሳይ ተቋም ሁለት ባለሙያዎች 70 ገደማ ናሙና ጨመሩ። ሁለቱ ስብስቦች በኮስታሪካው ማዕከል በተለያየ ፊደል ተለይተው ተመዘገቡ፤ የፋኦው «ኢ»፣ የፈረንሳዩ «ኢቲ» እየተባለ ቁጥር ተከተለው።

እነዚህ አጫጭር ምልክቶች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ሥራ ላይ ናቸው። በመካከለኛው አሜሪካ ለገበሬ ከተሰራጩት ዲቃላ ቡናዎች መካከል ካሲዮፔያ የተባለው ካቱራ ከተባለ ዘርና ከኢቲ 41 የተዳቀለ ነው፤ ሙንዶ ማያ በአንድ ወገን ኢቲ 01ን፣ ኤቫሉና ኢቲ 06ን ይዘዋል። ቁጥሩ ባይጠበቅ ኖሮ ኢትዮጵያ በእነዚህ ዘሮች ውስጥ ያላትን ድርሻ ማንም ሊያመለክት አይችልም ነበር።

ስለ መብት የሚነሣው ክርክርም የመጣው ከዚሁ ስብስብ ነው። በ2004 በኔቸር መጽሔት የወጣ የብራዚል ተመራማሪዎች ጽሑፍ በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ሊባል የሚችል የአረቢካ ቡና መገኘቱን አበሰረ። ተመራማሪዎቹ 300 የኢትዮጵያ ናሙናዎችን የሚወክሉ 3,000 ያህል ዛፎች መርምረው ነው ሦስቱን ያገኙት። ዛፎቹ በፋኦው ዘመቻ ከተሰበሰበውና በኮስታሪካ በኩል ብራዚል ከደረሰው ዘር የወረዱ ናቸው። ዜናው አዲስ አበባ ሲደርስ የባለቤትነት ጥያቄ አስነሣ። ዘሩ የወጣው የብዝሀ ሕይወት ስምምነት ከመጽናቱ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድሞ በመሆኑ በሕግ በኩል የሚያዝ ነገር ጥቂት ነበር፤ ይሁንና ጥያቄውን ማንሣት የተቻለው የዘሩ ጉዞ በጽሑፍ ስለተያዘ ነው። መዝገብ መብትን አይሰጥም፤ መዝገብ ከሌለ ግን መብትን መጠየቂያ እንኳ አይገኝም።

መልኮና ጮጬ

በአገር ውስጥ ለመዝገብ ኃይል ከሁሉ የተሻለው ምስክር በገበሬው አፍ የሚጠራ ቁጥር ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ፣ ጅማ መልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ከየደኑና ከየጓሮው መምረጥ ጀመረ። 74110፣ 74112፣ 74158፣ 75227 እየተባሉ ዛሬ ከሲዳማ እስከ ቤንች ሸኮ የሚተከሉት ዘሮች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የምርጫውን ዓመት፣ የተቀሩት የዛፉን ተራ ቁጥር ያመለክታሉ። 74110 ማለት በ1974 ከተመረጡት አንዱ፣ ከኢሉባቦር መቱ አካባቢ የመጣ ዛፍ ነው። የመስክ ደብተር ላይ የተጻፈ መለያ የገበያ ስም እስከ መሆን ደረሰ።

የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት በ1976 የዕፅዋት ዘረ-መል ማዕከል ሆኖ ሲመሠረት የእህል ዘርን በቀዝቃዛ ክፍል ማስቀመጥ ቻለ። ቡና ግን ለዚህ አይመችም፤ ዘሩ ደርቆና ቀዝቅዞ ለረጅም ዓመታት አይቆይም። ስለዚህ በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ የመስክ ጂን ባንክ ተቋቁሞ ከ5,000 በላይ የቡና ናሙናዎች በሕይወት ተተክለው ይጠበቃሉ።

ሕያው ስብስብ ከከረጢት ዘር ይልቅ ለመዝገብ ያስቸግራል። በከረጢት ያለ ዘር ቦታውን አይለቅም። በመስክ ያለ ቡና ይታመማል፣ ይጎነደላል፣ ይሞታል፣ ከሥሩ ሌላ ችግኝ ይበቅላል። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም የተወሰነው ፍሬ ከጎረቤት ዛፍ ብናኝ ይቀበላል። የሞተ ዛፍ ከራሱ ዘር በበቀለ ችግኝ ቢተካ ተተኪው የመጀመሪያው ግልባጭ ላይሆን ይችላል። በቁርጥራጭ ግንድ ከተባዛ ግን ያው ነው። መዝገቡ «ተተክቷል» ብሎ ካለፈ፣ በምን እንደተተካ ካልጻፈ፣ ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ተክሉ ሊለወጥ ይችላል። ባዶ ቦታ በግልጽ ይታያል፤ ይህ ዓይነቱ ስሕተት ግን ለዐይን አይታይም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይህ ነው።

ጥሩ መዝገብ ምን ይይዛል?

ዓለም በዚህ ረገድ በቂ ልምድ አከማችቷል። መሠረቱ አክሴሽን የሚባለው ነው፦ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ምንጭ የገባ ናሙና። እያንዳንዱ አክሴሽን የገባበትን ዓመትና ተራ ቁጥር የያዘ መለያ ይሰጠዋል፤ ከዚያ የሚበቅሉት ዛፎች በዚያው ቁጥር ላይ ፊደል ይጨመርላቸዋል። ተክሉ ቢሞት ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። የሞተበት ቀንና ምክንያት ይጻፋል፤ በአንድ አካባቢ ምን እንደማይጸድቅ የሚነግረን የሞቱት ዝርዝር ነውና።

ሁለተኛው የምንጭ ዓይነት ነው። በ1987 የወጣው የማዕከላት የመረጃ መለዋወጫ ቅርጽ አራት መደብ አስቀምጧል፦ በቀጥታ ከዱር የመጣ፣ ከዱር ከመጣ ተክል በእንክብካቤ ሥር የተባዛ፣ ከዱር ያልሆነ የጓሮ ተክል እና ምንጩ የማይታወቅ። ለጥበቃ ሥራ ሚዛን የሚደፋው የመጀመሪያው ነው። አራተኛውም መደብ የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያሳፍረው የማይታወቀውን እንደሚታወቅ አድርጎ መጻፍ ነው።

ሦስተኛው የፓስፖርት መረጃ የሚባለው ነው፦ የለቃሚው ስምና ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የመሬቱ ሁኔታ፣ የተለቀመባቸው ዛፎች ብዛት፣ የአካባቢ ስም። ፋኦና ባዮቨርሲቲ የተባለው የምርምር ድርጅት ለሁሉም ሰብል የሚሆን ዝርዝር በ2001 አውጥተው በ2012 አሻሽለውታል፤ ለቡና ብቻ የተዘጋጀ መግለጫም በ1996 ታትሟል። አዲስ ቅጽ መፍጠር አያስፈልግም።

አራተኛው ማስረጃ ነው። ከሕያው ተክል ላይ ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ደርቆና ተለጥፎ በሄርባሪየም ካልተቀመጠ «ይህ ዝርያ እንዲህ ይባላል» የሚለውን ቃል ማንም ሊፈትነው አይችልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም በ1959 ተመሥርቷል። ከ1980 እስከ 2009 ተሠርቶ በስምንት ቅጽ የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ የተጻፈው እንዲህ ባሉ የደረቁ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። ሳይንሳዊ ስም ይለወጣል፤ ትናንት አካሲያ የነበረው የአበሻ ግራር ዛሬ በቫቼሊያ ሥር ተመድቧል። ስም ሲለወጥ የቀድሞው አይሰረዝም፣ አዲሱ ከቀኑ ጋር ይጨመራል፤ ቁጥሩ ግን እስከ መጨረሻው ያው ነው።

መዝገብ የበሽታ መከላከያም ነው። ከ2011 እና ከ2012 ወዲህ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የደቡብ ምዕራብን ዝንጅብል ሲያጠፋ፣ የቴፒ አካባቢ ገበሬ ዋና የገቢ ምንጩን አጥቷል። ዝንጅብል የሚባዛው በሥሩ ስለሆነ በሽታው ከመትከያው ጋር ይጓዛል። የትኛው መትከያ ከየት መጥቶ ለማን እንደተሰጠ የሚያሳይ መዝገብ ያለው ተቋም የተበከለውን ተከትሎ ሊያጠፋ ይችላል፤ የሌለው ሁሉንም ይጠራጠራል። ኮረሪማን፣ ቁንዶ በርበሬን፣ ሄልንና እርድን ይዞ ለሚሠራ ቅመማ ቅመም አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የእኛው ችግሮች

ከውጭ የመጡት ቅጾች የማያውቋቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ ካርድ ላይ «1966» ተጽፎ ቢገኝ ምን ማለት ነው? በአውሮፓውያን ከሆነ የፈረንሳዮቹ ዘመቻ ዓመት ነው። በእኛ ከሆነ የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙ ዛፎች የተመረጡበት 1974 ላይ ይወድቃል። ሁለት የተለያዩ ስብስቦች በአንድ አኃዝ ሊደባለቁ ይችላሉ። የዘረ-መል ሀብት አርክቦትን የሚደነግገው አዋጅ እንኳ በአማርኛ 482/1998፣ በእንግሊዝኛ 482/2006 እየተባለ ይጠቀሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀን የሚጻፍበት ሣጥን ሁለት ይሁን፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት የሌለው ቀን አይመዝገብ።

ሁለተኛው የአስተዳደር ስም ነው። በንጉሡ ዘመንና በደርግ ጊዜ የተጻፈ ካርድ «ከፋ» ቢል ጅማን፣ ጊሚራን፣ ማጂንም ይጨምራል። ማሻና አካባቢው በኢሉባቦር ሞቻ አውራጃ ሥር ነበሩ። ኋላ ቤንች ማጂ ዞን መጣ፤ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ተብሎ ተከፈለ፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ወንዝ፣ ተራራና ከፍታ ግን አዋጅ አይለውጣቸውም። የጂፒኤስ ምልክት ለሲቪል ተጠቃሚ ሳይዛባ የተለቀቀው በ2000 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሰበሰበው አብዛኛው ቦታው የሚታወቀው በቃላት ነው። የድሮ ካርዶችን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው የተጻፈውን ቃል እንዳለ ገልብጦ፣ የራሱን ግምት በሌላ ሣጥን ማስቀመጥ አለበት። የድሮውን «አስተካክሎ» መጻፍ ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ሦስተኛው የአካባቢ ስም ነው። በአንድ ገበያ ቀን ሚዛን ላይ ቤንች፣ ሸኮ፣ ከፋ፣ መኢኒትና አማርኛ ተናጋሪ ይገናኛሉ። ለአንድ ተክል አምስት ስም፣ ለአምስት ተክል አንድ ስም ሊኖር ይችላል። ስም ሲመዘገብ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ቀበሌ እንደተሰማ አብሮ መጻፍ አለበት። ዕውቀቱን የሰጡት ሽማግሌም ፈቃዳቸው ተጠይቆ መመዝገብ ይገባቸዋል፤ ሕጉ የማኅበረሰብ ዕውቀት ብሎ የሚጠብቀው ይህንኑ ነውና።

ሶፍትዌሩ

አማራጩ ብዙ ነው። ከ1985 ጀምሮ የሚሠራው ቢጂ-ቤዝ፣ የኦክስፎርዱ ብራምስ፣ አይሪስ-ቢጂ በማዕከላትና በሄርባሪየሞች ይታወቃሉ። በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተጀምሮ ለጂን ባንኮች የተዘጋጀው ግሪን-ግሎባል ያለ ክፍያ ይገኛል። ለጀማሪ ማዕከል በጥንቃቄ የተሠራ ኤክሴልም ያገለግላል።

ለመምረጥ መመዘኛው ጥቂት ነው። መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል? የግዕዝ ፊደል ይቀበላል? ከሁሉ በላይ፣ ውሉ ሲያልቅ ወይም ባለሙያው ሲለቅ መረጃውን በሙሉ ማውጣት ይቻላል? በፕሮጀክት ገንዘብ የተገዛ ሥርዓት ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የይለፍ ቃሉ አብሮ ከሄደ ተቋሙ ከወረቀት ዘመን ወደ ባሰ ይመለሳል። ስለዚህ በጠንካራ ጥራዝ የታሰረ የመግቢያ መዝገብ ከኮምፒውተሩ ጎን ይቀጥል። በዝናባማው ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የመስክ ማስታወሻ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ሲርስ ይፈስሳል።

ለማን ይከፈት?

እዚህ ላይ ባለሙያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን መረጃ ካልተከፈተ ዋጋ የለውም ይላል፤ የኮስታሪካው ስብስብ ለዓለም የጠቀመው ስለተካፈለ ነው። ሌላው የጤፍን ነገር ያስታውሳል። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ ኩባንያው በ2009 ከስሯል፤ በአውሮፓ የተያዘው የባለቤትነት መብት ግን ለዓመታት አከራክሯል፤ አገሪቱ ከስምምነቱ ያገኘችው ጥቅም ኢምንት ነበር።

ሁለቱም እውነት አላቸው፤ መፍትሔውም መረጃውን በደረጃ መክፈል ነው። የዝርያ ስም፣ የአክሴሽን ቁጥር፣ ወረዳና ዓመት ለሁሉም ይታይ። የብርቅዬ ተክል ትክክለኛ ቦታና የሽማግሌዎች የመድኃኒት ዕውቀት በፈቃድ ብቻ ይታይ። ለውጭ የሚሰጥ እያንዳንዱ ዘር የፈቃዱ ቁጥር፣ የተቀባዩ ስምና ዓላማው በዚያው አክሴሽን ሥር ይጻፍ። ጌሻ ሲወጣ ይህ ሕግ አልነበረም፤ ዛሬ ግን አለ። ሕጉ የሚሠራው ግን የማዕከሉ መዝገብ እስከሠራ ድረስ ነው።

ለሚዛንና ለቴፒ

አዲስ አበባ ያለው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል 705 ሄክታር ይዟል፤ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ግን የሸኮና የሸካ ዝናባማ ደን ተክል እዚያ አይመቸውም። በሸኮ ያለው የበርሃኔ ኮንቲር ደን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዱር ቡና ጥበቃ ከተለዩት ሦስት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደኑን የሚያግዝ ሕያው ስብስብ ሊያድግ የሚችለው እዚሁ፣ ሚዛንና ቴፒ ባሉበት ከፍታ ላይ ነው። የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲም፣ የቴፒው የምርምር ማዕከልም፣ እንደ በበቃ ያሉ ሰፋፊ የቡና እርሻዎችም በአቅራቢያ አሉ።

እንዲህ ያለ ስብስብ የሚያቋቁም ሁሉ ገንዘቡን በቅደም ተከተል ያውጣ፦ መጀመሪያ ለሠለጠኑ ለቃሚዎችና ለጥሩ የመስክ ደብተር፣ ቀጥሎ በቋሚነት ለሚቀጠር መዝገብ ያዥ፣ ከዚያ ለማይጠፋ የብረት መለያና ለካርታ፣ በመጨረሻ ለሶፍትዌር። በዓመት አንድ ጊዜ መዝገቡ ተይዞ መስኩ በእግር ይቆጠር፤ በመዝገብ ያለ ግን በመስክ የሌለ፣ በመስክ ያለ ግን በመዝገብ የሌለ ሁሉ ይለይ። አሥር ሺህ ቁጥር የሌላቸው ዛፎች ከመትከል አምስት መቶ በሚገባ የተመዘገቡ መትከል ይበልጣል።

የሥራው ፈተና ቀላል ነው። አንድ እንግዳ በማዕከሉ ውስጥ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ማንኛውንም ዛፍ ይምረጥ፤ ከየትኛው ደን መጣህ፣ ማን አመጣህ፣ በማን ፈቃድ፣ ከአንተስ ዘር ለማን ተሰጠ ብሎ ይጠይቅ። መዝገብ ያዡ አራቱንም በጽሑፍ ካሳየ ያ ቦታ የዕፅዋት ማዕከል ነው። ካላሳየ በዚያው ሳምንት የመስክ ደብተሩን ይዞ ይጀምር፤ ዛፉን የለቀሙት ሰዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይቻላልና።